ለቅሶ ላይ ሳለች ያልነገርኋት ቀን

የዛሬዋ ጠያቂያችን በደሴ ከተማ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቷን የምትከታተል፣ ከዚያ በፊትም በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለአምስት ዓመታት ያገለገለች የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ናት። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ፣ በእርሷው ፈቃድ ማንነቷን የሚያሳብቀውን ሁሉ አውጥቼ ዋናውን ነገር በራሷ ቃል አቀርበዋለሁ።

«ከጓደኛዬ ጋር የመጀመሪያ ዲግሪያችንን አብረን ተማርን፤ ሁለተኛውንም በአንድ ክፍል ጀመርን። በቧንቧ ውሃ በኩል አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን አብረን እንኖራለን። እንጀራውም፣ የባጃጁም ሒሳብ፣ ላፕቶፑም ሳይቀር የጋራችን ነው። ያም ሆኖ ባለፈው ዓመት ውጤት በተለጠፈ ቁጥር ዐይኔ አስቀድሞ የሚፈልገው የእርሷን ሆነ። እርሷ ኤ ካገኘች የእኔ ኤ ማይነስ እንደ ውድቀት ይታየኛል። መምህራችን ሴሚናር ያቀረበች ዕለት በክፍሉ ፊት ሲያመሰግናት አብሬ አጨበጨብሁ፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ በዐይኔ ሳይዞር ነጋ። በዚያ ላይ በትምህርት ክፍላችን አንድ የመምህርነት ቦታ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ አለ።

«ከሦስት ሳምንት በፊት አክስቷ ሞተውባት ለለቅሶ ወደ ተንታ ሄደች። በዚያው ሰሞን ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው የጥናት ፕሮፖዛል የማስገቢያው ቀን ከዓርብ ወደ ረቡዕ መሳቡን ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አነበብሁ። ልደውልላት ስልኬን አውጥቼ ስሟን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ኪሴ ከተትሁት። ‹ኔትወርክ አይኖርም፤ ደግሞስ ለቅሶ ላይ ናት› ብዬ ራሴን አታለልሁ። የእኔን አስገባሁ፤ የእርሷ ሳይገባ ቀረ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወር አንድ ጊዜ በመሆኑ ሥራዋ በአንድ ወር ተጓተተ። ተመልሳ ማስታወቂያውን ስታይ አለቀሰች። ከዚያ እኔ ዝም ብዬ መቆሜን አይታ ያዘንሁላት መሰላትና፣ ‹አንቺም አላየሽው፤ አብሽሪ፣ ማን ያውቃል ለኸይር ይሆናል› አለችኝ። ያቺ ቃል ከሆዴ አልወጣ አለች። እኔ ክፉ ሰው ነኝ? እንዲህ ያለውን ፉክክርስ ችሎ መማር የሚቻለው እንዴት ነው?»

ውድ እኅቴ፦

የጠየቅሽኝ ሁለት ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ግን ያልጠየቅሽኝ ሦስተኛ ጥያቄ ቆሟል፤ እርሱም ልንገራት ወይስ የሆዴን በሆዴ ይዤ ልቅር የሚለው ነው። እርሱን ዘልዬ ስለ ፉክክር ብዙ ብጽፍልሽ ደብዳቤሽን በቅጡ አላነበብሁትም ማለት ይሆናል። ይሁንና አስቀድሜ ስለ ልብሽ ጥቂት ልበል፤ ክፉ ነኝ ብላ በራሷ ላይ የፈረደች ሰው ጥፋቷን ለማረም አቅም አይኖራትምና።

ሰው በሩቅ ሰው አይቀናም። በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር ያለች የማታውቂያት ተማሪ ሽልማት ብታገኝ ሰምተሽ ታልፊያለሽ፤ አንድ ምጣድ የምትጋሪያት ልጅ በአንድ ነጥብ ስትበልጥሽ ግን ያምሻል። ሊዮን ፌስቲንገር የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ጽሑፉ፣ ሰው ችሎታውን የሚለካበት ሌላ መስፈሪያ ሲያጣ ራሱን ከሰው ጋር እንደሚያስተያይ፣ ለዚህም የሚመርጠው እርሱን የሚመስለውን ሰው እንደሆነ አስረድቷል። ከዚያ በኋላ አብርሃም ቴሰር የተባለ ሌላ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመው ሙከራ ደግሞ የአንቺኑ ታሪክ የሚተርክ ይመስለኛል። ለሙከራው የመጡት ሰዎች ከጓደኛቸውና ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር ሆነው በፍንጭ ቃል የማግኘት ጨዋታ እንዲጫወቱ ተደረገ። ከቀላሉና ከከባዱ ፍንጭ የትኛውን ለማን እንደሚሰጡ የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ። ነገሩ እንዲሁ ጨዋታ ነው የተባሉት ለጓደኞቻቸው ቀላል ቀላሉን ሰጡ። የማሰብ ችሎታን ይለካል የተባሉት ግን ለማያውቁት ሰው ካገዙት ይልቅ ለገዛ ጓደኛቸው ያገዙት አነሰ። እንግዲህ ስልክሽን ወደ ኪስሽ የመለሰችው እጅ የብቻሽ እጅ አይደለችም። ዘመድ የሚሆን ወዳጅ በራሳችን ሙያ ሲበልጠን፣ ያው ቅርበት ራሱ ሕመሙን ያባብሰዋል፤ ከምንወደው ሰው ጋር በአንድ መንገድ መጓዝ ይህ ዕዳ አለበት።

ይህን የነገርሁሽ እንድትጽናኚበት እንጂ እንድትሸሸጊበት አይደለም። በዚያ ሙከራ የተያዘው የቃል ጨዋታ ነበር፤ አንቺ የያዝሽው የአንዲት ልጅ የድካም ወር ነው፤ እርሷም ለቅሶ ላይ ነበረች። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ወሎ ላይ ሰው ሲሞት ቅሬው ይጠራል፤ ድንኳኑን የሚተክለው፣ ውሃ የሚቀዳው፣ ንፍሮውን የሚቀቅለው ጎረቤት ነው። የሐዘንተኛው እህል በማሳው ላይ ደርሶ ከሆነ የቅሬው ሰው ተሰብስቦ ያጭድለታል እንጂ «እርሱ ለቅሶ ላይ ነው» ብሎ ዝናብ አያስመታውም። ለቅሶ ላይ የተቀመጠ ሰው ጉዳዩን ለጎረቤት አደራ ብሎ የተቀመጠ ሰው ነውና። ሌሊት የሚያባንንሽ ቅናቱ ብቻ እንዳይመስልሽ። ያጎደልሽው ይህን አደራ ነው፤ ያደግሽበት ወግ ከውስጥሽ ሆኖ ይጠይቅሻል። እኔ ይህንን መባነንሽን ወድጄዋለሁ፤ የሚባንን ሰው ለማረም ገና ጊዜ አለው።

ልንገርሽ፤ እኔም ይህን አድርጌያለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በነበርሁበት ዘመን ለአንድ ኮርስ የሚያስፈልገን መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር። ፈተናው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው መጽሐፉን ከመደርደሪያው አንሥቼ፣ ማንም በማይነካቸው አሮጌ የዘገባ ጥራዞች ጀርባ አጋድሜ አኖርሁት። አንድ የክፍል ጓደኛዬ፣ ከእኔ ጋር ለአንደኝነት የሚፎካከር ልጅ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሲፈልገው አየሁት። ጣቱን በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ እያስኬደ፣ ቁጥራቸውን እያነበበ፣ እስከ መጨረሻው መደርደሪያ ይሄድና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እኔ አንገቴን ደፍቼ የማነብ እመስል ነበር። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ሁለታችንም የልጆች ወላጅ ከሆንን በኋላ፣ ደውዬ ነገርሁት። ትንሽ ዝም አለና፣ «ያን ጊዜ ብትነግሪኝ ኖሮ መጽሐፉን አገኘው ነበር፤ ዛሬ የምታቀልዪው የራስሽን ሸክም ነው» አለኝ። ስድብ አልጨመረበትም፤ እውነት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ ሲመጣብኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ብትነግሪያት እርሷን የሚጠቅማት ጊዜ አልፏል ወይስ አላለፈም? የአንቺ አላለፈም። ከወሩ ገና ቀን ይቀራል። ስለዚህ መልሴ ንገሪያት ነው፤ በዚህ ሳምንት ንገሪያት።

አነጋገሩ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ መልካም ኑዛዜ በመጥፎ አነጋገር ሲበላሽ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በቴሌግራም አትጻፊላት። ሰው ባለበትም አይሁን። ማታ ደክሟችሁ ከገባችሁ በኋላም አይሁን፤ የምትሄድበት ስለሌላት ፊት ለፊትሽ ተቀምጣ ማልቀስ ግዴታ ይሆንባታል። ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከፈለገች ተነሥታ ልትወጣ በምትችልበት ሰዓት ይሁን። ቃሉም አጭር ይሁን፤ «የቀኑን መለወጥ አይቻለሁ። ልደውልልሽ ስልኬን ከፍቼ ነበር፤ ሆን ብዬ ተውሁት። ስለቀናሁብሽ ነው። ስታጽናኚኝ ዝም ማለቴም ሁለተኛ ጥፋት ነው።» በዚህ ላይ «ግን» የሚል ቃል አትጨምሪ። ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ መምህሩ ምስጋና፣ ስለ ቦታው ወሬ አታንሺ፤ እነዚህ ሁሉ በኋላ፣ እርሷ ከጠየቀችሽ ብቻ የሚነገሩ ናቸው። አበጋሮቻችን የተጣላን ሰው ሲያስታርቁ በዳዩ ጥፋቱን በገዛ አንደበቱ እንዲያምን ይሻሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ካሳው የሚኬደው። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ጥበብ አለበት። ጥፋቱ በሙሉ ሳይነገር የሚቀርብ ካሳ ለተበደለው ሰው ጉቦ ይመስለዋልና።

ከነገርሻት በኋላ የሚመጣው የእርሷ ነው። ልትጮህብሽ ትችላለች፤ ቤት ልቀይር ልትል ትችላለች፤ ለሌሎች ጓደኞቻችሁም ትነግር ይሆናል። አንድ ሌሊት አስባበት ይቅር ልትልሽም ትችላለች። «ይቅር ብየሻለሁ በይኝ» ብለሽ አታስጨንቂያት፤ ይቅርታ በልመና ብዛት የሚፋጠን ነገር አይደለም። አንቺም አልቅሰሽ እርሷን ዳግመኛ አጽናኝ አታድርጊያት። አንድ ጊዜ ያለ በደሏ አጽናንታሻለች፤ ይበቃል።

ካሳው ምን ይሁን? የአንድ ወር ሥራ ስለሆነ በሥራ ይከፈል ባይ ነኝ። የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያ ስለሆንሽ ነገሩን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ኮሚቴው ፈቃድ እስኪሰጥ ድረስ ሰው ዘንድ ሄዶ መረጃ መሰብሰብ አይፈቀድም፤ ከዚያ በፊት የሚያልቅ ሥራ ግን ብዙ አለ። መጠይቁ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎም አለበት፤ ከዚያም ትርጉሙ ሳይዛባ መተላለፉ እንዲታወቅ ሌላ ሰው፣ ዋናውን ሳያይ፣ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ያቺ ሌላ ሰው አንቺ ሁኚላት። ጥያቄዎቹን ኮቦ በተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ፕሮግራም ላይ መጫን፣ የትኛው መልስ ወደ የትኛው ጥያቄ እንደሚያሻግር አንድ በአንድ መፈተሽ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎቹን ሥልጠና ማዘጋጀት፣ ይህ ሁሉ ከወዲሁ ካለቀ ፈቃዱ በወጣ ማግስት ወደ ወረዳው ትወርዳለች፤ ከጠፋው ወርም እኩሌታው ይመለሳል። በተጨማሪም አንዳንድ የሥነ ምግባር ኮሚቴዎች በተሳታፊዎቹ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ የሆነውን ጥናት ሙሉ ስብሰባ ሳይጠብቁ በተፋጠነ መንገድ ይመረምራሉ። የእናንተም ኮሚቴ ይህን የሚያደርግ እንደሆነ እርሷ ከፈቀደች አብረሽ ሄደሽ ጸሐፊውን ጠይቂ፤ ለቅሶ ላይ እንደነበረች መመስከርም የአንቺ ድርሻ ነው። መረጃው ተሰብስቦ ሲመጣ ደግሞ የጽዳቱን ሥራ፣ ማለትም ያልተሞላውንና የተደገመውን ለቅሞ የማውጣቱን አሰልቺ ሥራ፣ ተቀበያት። ይህን ሁሉ ስታደርጊ ግን የእርሷን ጽሑፍ አትጻፊላት፤ ሐሳቡና ብዕሩ የእርሷ ካልሆነ ካሳሽ ሌላ ጥፋት ያመጣባታል።

አሁን ወደ ፉክክሩ እንምጣ። ፉክክር የሚከፋው ብዙ ጊዜ በሌለ ነገር ላይ ስንፎካከር ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያ በእርግጥ የሚያንሰው ነገር ምን እንደሆነ ቁጠሪ። ውጤታችሁ የሚሰጠው በቋሚ ልኬት ከሆነ፣ ማለትም ከዚህ ነጥብ በላይ ያመጣ ሁሉ ኤ የሚያገኝ ከሆነ፣ የእርሷ ኤ ከአንቺ ላይ ቅንጣት አልቀነሰም፤ ክፍሉ በሙሉ ኤ ቢያገኝ የሚጎዳ ሰው የለም። በክፍሉ አማካይ የሚሰላ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ የትኛው እንደሆነ መምህሩን መጠየቅ መብትሽ ነው። ብዙ ተማሪ ሳይጠይቅ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚፈራው ነገር እንደሌለ ያወቀው ከተመረቀ በኋላ ነው። ለመመረቂያ የሚያስፈልገውን አማካይ ውጤት ሁለታችሁም በሰላም እንደምታልፉት ከደብዳቤሽ ይታያል። የአማካሪ ጊዜ በእርግጥ የተወሰነ ነው፤ ቢሆንም ለሁለት ተማሪ ይበቃል። ዕውቀት አያልቅም። ከዚህ ሁሉ ሲጣራ በእርግጥ አንድ ብቻ የሆነው ያ የመምህርነት ቦታ ነው፤ እርሱም እስካሁን ወሬ ነው።

ቦታው ቢከፈትስ? ሁለታችሁም ተወዳደሩ። ይህን የምልሽ ብዙ መካሪ «ጓደኝነት ይበልጣል፤ ተይላት» እንደሚልሽ ስለማውቅ ነው። ተይላት አልልሽም። በውስጥ እያቃጠለሽ በአፍ የምትተዪው ቦታ ሌላ ቂም ይሆንብሻል፤ እርሷም ሳታውቀው ባለ ዕዳሽ ትሆናለች። ማስታወቂያው ከወጣ በዚያው ዕለት «እኔ ላመለክት ነው፤ አንቺስ?» በያት። መቼ እንደሚዘጋ፣ ምን ወረቀት እንደሚያስፈልግ ተነጋገሩ፤ የሁለታችሁም ፋይል በአንድ ቀን ይግባ። ያሸነፈችው ያገኘችው በንጹሕ ውድድር መሆኑን ሁለታችሁም ካወቃችሁ፣ የተሸነፈችው ታዝናለች እንጂ አትመረርም። የተደበቀ ፉክክር ግን አሸናፊዋንም ያስመርራል፤ አንቺ ፕሮፖዛልሽን ቀድመሽ ያስገባሽ ነሽ፤ እንቅልፍ ያጣሽውም አንቺ ነሽ።

በእኛ ምድር ትምህርት ያለ ፉክክር ሆኖ አያውቅም። በቅኔው ስሙ የተጠራውን ዋድላን አስቢ። በቅኔ ቤት ተማሪው ያሰበውን ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ የሆነችውን ትንሿን ቅኔ፣ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ያቀርባል፤ ያማረችው ትመሰገናለች፣ የተሰበረችው በዚያው በጉባኤው ፊት ትታረማለች። ይህን ያህል በግልጽ ሲፎካከሩ የዋሉ ልጆች ግን አኮፋዳቸውን ይዘው በየመንደሩ የለመኑትን ቁራሽ አብረው ይቆርሳሉ። በዳናና እንደ እርሱ ባሉ የወሎ የቂርኣት ቦታዎችም ደረሳው ከሸኹ ዘንድ ኪታብ ይቀራል፤ ቀደም ያለው ደረሳ ደግሞ ለጀማሪው ያቀራል፤ የቀራውን ሌላው እንዳያውቅበት የሚደብቅ ሰው በዚያ ቤት ቦታ የለውም። ፉክክሩ በአደባባይ፣ ቁራሹ በጋራ። በዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ብዙ ጊዜ የተገለበጠው ይኸው ነው፤ ፉክክሩ በጓዳ ሆነ፣ ቁራሹም በየኪሱ።

ይህ የአባቶች ወግ ብቻ እንዳይመስልሽ አንድ ጥናት ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የነበረ ዩሪ ትሪስማን የተባለ የሒሳብ ሰው፣ በካልኩለስ ኮርስ ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ለምን በብዛት እንደሚወድቁ፣ የቻይና ተወላጆቹ ደግሞ ለምን እንደሚሳካላቸው ለማወቅ ፈለገ። መምህራኑ ምክንያቱ የፍላጎት ማነስ፣ የዝግጅት ጉድለት፣ የቤተሰብ ድጋፍ ወይም ድህነት ነው ብለው ገምተው ነበር። እርሱ ከሁለቱም ወገን 20 20 ተማሪዎች መርጦ አኗኗራቸውን በቅርብ ሲከታተል ግምቶቹ አልያዙም። ልዩነቱ የተገኘው በአጠናን ላይ ነበር። ጥቁሮቹ ተማሪዎች በሳምንት 8 ሰዓት ያህል፣ በትጋት፣ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ያጠናል። ቻይናውያኑ በሳምንት 14 ሰዓት ያህል ያጠናሉ፤ አብዛኛውን ለብቻቸው ከሠሩ በኋላ ማታ ተሰብስበው መልሳቸውን ያመሳክራሉ፣ አንዱ የሌላውን ስሕተት ያርማል፣ በቆዩ ፈተናዎች ይጠያየቃሉ። በዚህም እያንዳንዱ ከሌሎቹ አንጻር የት እንደቆመ በእርግጥ ያውቃል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ በይልኝ። ብቻውን የሚያጠና ሰው የሌላውን ድካም ስለማያይ ውጤቱን ብቻ ያያል፤ ጓደኛው ሁሉን ያለ ጣር የምትሠራው ይመስለዋል። አንቺም የጓደኛሽን ኤ አየሽ እንጂ ለሴሚናሩ ስንት ሌሊት እንዳመሸች የጻፍሽልኝ ነገር የለም፤ በአንድ ክፍል እየኖራችሁም እንኳ።

አባትሽ ገበሬ ከሆነ ወንፈልን ታውቂዋለሽ። የአንድ ቀን ጉልበት በአንድ ቀን ጉልበት ነው፤ ዛሬ የእኔን ገብስ አብረን እናርማለን፣ ነገ ያንተን። በወንፈል የጓደኛህ ማሳ ማማሩ ያንተን አያከሳውም፤ ማሳው ግን የየራስ ነው፣ አዝመራውም የየራስ። ለሁለተኛው ዓመታችሁ ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላውቅም፤ እርሷ ከተስማማች ማለቴ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት የእርሷን ምዕራፍ አንቺ አንብበሽ ቀይ ብዕር አንሺበት፤ አንድ ሰዓት የአንቺን እርሷ ታንሣበት። ዲፌንስ ሲቃረብ አንደኛችሁ ጠያቂ፣ አንደኛችሁ መላሽ ሆናችሁ ተፈታተኑ፤ ያን ጊዜ አትራሩ፣ የውጭ ፈታኙ አይራራላችሁምና። ሰዓቱ እኩል ይሁን፤ ወንፈል የሚፈርሰው አንዱ ሲያበድር ሌላው ሲረሳ ነው።

ደግሞ አንድ ያላየሽው ነገር አለ። በደብዳቤሽ ግርጌ ያንቺ ጥናት ከሁለት ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ክብደትና አመጋገብ ላይ፣ የእርሷ ደግሞ በነፍሰ ጡር እናቶች የደም ማነስ ላይ መሆኑን ጠቅሰሻል። የመጀመሪያው ዓመት አልፏል፤ አንድ ፈተና የሚፈተን ክፍል ከእንግዲህ የለም። እያንዳንዱ የየራሱን ጥያቄ ይዞ ወደየወረዳው ይወርዳል፤ ስለዚህ ማን በለጠ የሚለው መለኪያ ራሱ ቀርቷል። ይልቁንም የእናትየዋ የደም ማነስ ከሕፃኑ የልደት ክብደት ማነስ ጋር እንደሚያያዝ ሁለታችሁም በክፍል ተምራችሁታል። እርሷ የምታቆምበት ቦታ አንቺ የምትጀምሪበት ነው። አማካሪዎቻችሁ ቢፈቅዱ የቤተሰብ ገቢን፣ የእናትን ትምህርት፣ የምግብ ዓይነትን የሚመለከቱ ጥያቄዎችን በሁለቱም መጠይቆች በአንድ ቃል ብታስገቡ ኋላ ውጤታችሁን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይቻላል። ከዚያም ከየመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሌላ፣ የሁለታችሁ ስም የሰፈረበት አንድ የጋራ ጽሑፍ ቢወጣ አልገረምም። ስሟ ከስምሽ ጎን ተጽፎ ስታዪው የሚሰማሽ ስሜት ከማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ከተሰማሽ ይለያል።

እግረ መንገዴን ይህን ለሚያነቡ መምህራን አንድ ቃል፤ ውጤትን ከነስሙ በሰሌዳ መለጠፍ፣ በክፍል ፊት አንዷን ማመስገንና ሌላውን በዝምታ ማለፍ ተማሪን ያተጋል የሚል እምነት አለ። እኔም ሳስተምር ይህን አድርጌያለሁ። አንድ ልጅ ያተጋ ይሆናል፤ በዙሪያው ያሉትን ግን እርስ በርስ የሚተያዩ ያደርጋቸዋል። ስለ አንድ ሥራ ምስጋና ሲሰጥ የሥራው ምንነት ይነገር፤ «ጎበዝ ናት» ከማለት «ናሙናዋን የመረጠችበትን ምክንያት በሦስት ዐረፍተ ነገር ማስረዳት ችላለች» ማለት ለቀሩትም ትምህርት ይሆናል።

የእንቅልፍሽን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ በተባለው መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት በ26 አገሮች የሚገኙ 2,279 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ጠይቆ፣ 41 በመቶዎቹ ከመካከለኛ እስከ ከባድ ጭንቀት፣ 39 በመቶዎቹ ደግሞ በዚያው መጠን የድባቴ ምልክት እንዳለባቸው አግኝቷል። የጥፋት ጸጸት ሲነገር ይቀላል፤ ሕመም ግን በመናገር ብቻ አይለቅም። ከነገርሻት ከሁለት ሳምንት በኋላም እንቅልፍ ካልመጣ፣ ምግብ ካስጠላሽ፣ ወይም መኖር ምን ያደርግልኛል የሚል ሐሳብ ብልጭ ካለብሽ፣ ከትምህርት ቤታችሁ የምክር አገልግሎት ወይም ከሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ ሂጂ። የመጨረሻው ሐሳብ ከመጣ ሁለት ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ። አንቺ ራስሽ ጤና ጣቢያ ተቀምጠሽ ለስንቱ ሰው «ቶሎ ና» ብለሻል።

«ክፉ ሰው ነኝ?» ላልሽው፣ አይደለሽም። ክፉ ሥራ ሠርተሻል፤ የሠራሽውንም ለማላውቅሽ ለእኔ በሦስት ገጽ ጽፈሻል። ያንኑ ቃል ሳታሳጥሪ፣ ሳታሳምሪም ለሚገባት ሰው ውሰጂላት። ኮሚቴው እንደገና ሊሰበሰብ የቀረው አሥር ቀን ገደማ ነው፤ ከእሑድ አታሳልፊው። የምትመልስልሽ ምንም ይሁን ምን ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።